የዓሣ ጦርና ስሞቹ፦ መሣሪያና ቋንቋ ከካርቱም እስከ ቱርካና ሐይቅ

በአማርኛ ዓሣ «ይጠመዳል»። ግሡ በሬን ከቀንበር ለማዋል፣ ወጥመድ ለመዘርጋት፣ ከውኃ ዓሣ ለማውጣትም ያገለግላል። በመረብ የከበበው፣ በመንጠቆ የሳበው፣ በጦር የወጋው ሰው ሁሉ በአንድ ስም «ዓሣ አጥማጅ» ይባላል። ለዕለት ንግግር ይህ ጉዳት የለውም። የአካባቢያችንን ቋንቋዎች በአማርኛ ፍቺ ለሚመዘግብ አጥኚ ግን ወጥመዱም ጦሩም በአንድ ቃል ውስጥ ተቀላቅለው ይጠፉበታል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ የዓሣ ጦር ለቋንቋ ታሪክ ምን ያህል ማስረጃ ይሆናል የሚል ነው። ከዚህ በታች እንደሚታየው መሣሪያው ብቻውን የቋንቋን ዝምድና አይመሰክርም። ስለ መሣሪያው የሚነገሩት ቃላት ግን ቋንቋው ከተተወ በኋላ እንኳ ሊመሰክሩ ይችላሉ።

አስቀድሞ አሠራሩን መረዳት ያሻል። ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚታጠፍ፣ ከዳር ሆኖ ለሚመለከት ሰው ዓሣው ካለበት ከፍ ብሎ ይታየዋል። ጀማሪ ባየው ላይ ወርውሮ ይስታል፤ የለመደ ዝቅ አድርጎ ይወጋል። ጦሩም አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ጫፉ ከዘንጉ የማይላቀቅ ሲሆን ለጥልቀት አልባ ውኃና ለመካከለኛ ዓሣ ይበቃል። ሌላው ሃርፑን የሚባለው ነው፤ ሲወጋ ጫፉ ከዘንጉ ተላቆ በገመድ ይያዛል። አዞ ወይም ጉማሬ ሲታገል ዘንጉ የማይሰበረው፣ ታዳኙም የማያመልጠው በዚህ ምክንያት ነው። ጫፉ እንዳይነቀል የሚይዙት ወደ ኋላ ያጋደሉት ጥርሶቹ ናቸው። እንግዲህ ጫፉ፣ ጥርሱ፣ የገመዱ ማሰሪያና ዘንጉ እያንዳንዳቸው ስም የሚሹ ነገሮች ናቸው።

የእነዚህ ጥርሳም ጫፎች ታሪክ እጅግ ጥንታዊ ነው። አርኬል የተባለው አርኪዮሎጂስት በካርቱም ቆፍሮ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ሥራ ከአጥንት የተቀረጹ ሃርፑኖችን ገልጿል። የካርቱሞቹ ገመድ የሚታሰርበት እርከን ከሥራቸው ሲኖራቸው፣ ከዚያ በኋላ የመጡት የሻሂናብ ሃርፑኖች ግን ተበስተዋል። በቱርካና ሐይቅ ዙሪያም በሎታጋምና በሎዋሴራ ተመሳሳይ ጫፎች ተገኝተዋል። እነዚህ ሥፍራዎች ዛሬ ከውኃው የራቁት፣ በዚያ ርጥብ ዘመን የሐይቁ ወለል አሁን ካለበት በብዙ አሥር ሜትሮች ከፍ ያለ ስለ ነበረ ነው።

ጆን ሳተን እ.ኤ.አ. በ1974 ይህን ሁሉ አሰባስቦ «የመካከለኛው አፍሪካ የውኃ ሥልጣኔ» የሚል ሐሳብ አቀረበ። የዓሣ አጥማጆቹን መስፋፋትም ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ1963 ናይሎ ሰሃራዊ ብሎ ከመደባቸው ቋንቋዎች መስፋፋት ጋር አያያዘው። ሐሳቡ ማራኪ ነበር፤ የመሣሪያው ካርታና የቋንቋው ካርታ በብዙ ቦታ ይደራረባሉና። ይሁን እንጂ በኤድዋርድ ሐይቅ ዳር በኢሻንጎ የተገኙት የአጥንት ሃርፑኖች ዕድሜ ወደ 20,000 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ይገመታል። የንጽጽር ሥነ ልሳን ዘዴያችን በእርግጠኝነት እንዲህ ወዳለ ዘመን አይደርስም። ከዚህም በላይ ጥርሳም ጫፍ ጎረቤት ከጎረቤት አይቶ ሊቀርጸው የሚችል ዕቃ ነው፤ ዕቃው በተሻገረበት ሁሉ ቋንቋው አብሮት ተሻግሯል ማለት አይቻልም።

ይህን ከኤልሞሎ ሕዝብ ታሪክ በላይ የሚያስረዳ የለም። ኤልሞሎዎች በቱርካና ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ የሚኖሩ፣ ዓሣንና አዞን በሃርፑን በመውጋት የሚታወቁ ጥቂት ሕዝብ ናቸው። የቀድሞ ቋንቋቸው ከኢትዮጵያዎቹ ከአርቦሬኛና ከዳሰነችኛ ጋር የሚዛመድ ኩሻዊ ቋንቋ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ትተው የከብት አርቢ ጎረቤቶቻቸውን ቋንቋ፣ ናይሎቲካዊውን ሳምቡርኛ፣ ያዙ። በሐይቁ ዳር መሣሪያውን ብቻ ያገኘ የወደፊት አርኪዮሎጂስት ከሃርፑኑ ተነሥቶ የሁለቱን ቋንቋዎች ዝምድና ሊገምት ቢሞክር ይሳሳታል፤ ያው እጅ ያንኑ መሣሪያ ይዞ ከአንድ የቋንቋ ቤተሰብ ወደ ሌላው ተሻግሯልና።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። ማቲያስ ብሬንዚንገር እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ኤልሞሎዎች በያዙት ሳምቡርኛ ውስጥ ከቀድሞው ቋንቋቸው የተረፉ ቃላት አሉ፤ እነዚህም በተለይ የሐይቁንና የዓሣ ማጥመድን ሥራ የሚመለከቱ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሳምቡርኛ ለከብት ቀለምና ዕድሜ የበለጸገ መዝገበ ቃላት ሲኖረው ዓሣን ለሚንቅ አርቢ የዓሣን ስም መለየት አላስፈለገውም። አዲሱ ቋንቋ ስም ያላዘጋጀለትን ሥራ የሚሠራ ሰው አሮጌውን ስም ይዞ ይሻገራል። ስለዚህ የተተወ ቋንቋ የመጨረሻ መጠለያው አንዳንድ ጊዜ የሙያ ቃል ነው።

በጣና ዙሪያ የሚኖሩት ነገደ ወይጦዎችም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣሉ። በጉማሬ አዳኝነታቸውና በዓሣ አጥማጅነታቸው የታወቁት እነዚህ ሰዎች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጄምስ ብሩስ ከሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች ፈጽሞ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ጽፎላቸው ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የጎበኟቸው ሊቃውንት ግን አማርኛ ሲናገሩ አገኟቸው። ማርሴል ኮሄን እ.ኤ.አ. በ1939 ከአማርኛቸው ውስጥ የተለዩ ቃላትን አሳተመ፤ ጥቂት ቢሆኑም ስለ ቀድሞው ቋንቋ ለሚጠይቅ ሰው እጅግ ውድ ናቸው። ያን ጊዜ የጉማሬ ጦር ክፍሎች፣ የአወራወሩና የገመዱ ቃላት በዝርዝር ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ የመረመርነው ነገር ምናልባት ሰፋ ይል ነበር።

የቃሉ ነገር ከዕቃ ስምም ያልፋል። ዲንካዎች ሰፊ ምላጭ ያለውን የጦርነት ጦር «ቶንግ»፣ ቀጭኑንና ምላጭ የሌለውን የዓሣ ጦር «ቢት» ይሉታል። ጎድፍሬይ ሊንሃርት እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ የሃይማኖት አባቶቻቸው መጠሪያ «ባኝ ቢት» ነው፤ የዓሣ ጦር ጌታ ማለት ነው። የመጀመሪያው አባት አይዌል ሎንጋር ወንዝ ሊሻገሩ የሚሞክሩትን ሰዎች በዓሣ ጦር ይወጋ እንደ ነበር ትውፊቱ ይናገራል። ሁለቱንም ስሞች «ጦር» ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ የሚባርከውንና የሚጸልየውን ካህን የጦር አለቃ ያደርገዋል። አንድ ሰነፍ ፍቺ የአንድን ሕዝብ የሥልጣን ሥርዓት እንዲህ ሊገለብጥ ይችላል።

ከዚህ የሚከተለው ለመስክ ሥራችን ቀላል ምክር ነው። «ዓሣ ማጥመድን በቋንቋችሁ ምን ትሉታላችሁ?» የሚለው ጥያቄ አንድ ግሥ ብቻ ያስገኛል። ጦሩን አስይዞ ከጫፍ እስከ ዘንግ ክፍሎቹን መጠየቅ፣ ቆሞ ከመውጋት ወርውሮ መውጋትን፣ በጠራ ውኃ ከማየት በድፍርስ ውኃ በግምት መውጋትን፣ ዓሣው ሲያመልጥና ሲያዝ የሚባለውን መለየት ይገባል። የናይሎን መረብ በየሐይቁና በየወንዙ ሥራውን እየተረከበ ስለሆነ የጦሩ ቃላት በብዛት ያሉት በሽማግሌዎች ዘንድ ነው። አጥንቱን አርኪዮሎጂስቶች ከሺህ ዓመታት በኋላም ቆፍረው ያገኙታል፤ ቃሉን ግን የሚያገኘው ተናጋሪው በሕይወት ሳለ የጠየቀ ብቻ ነው።