ጦሙን ያደረ የከተማ መሬት ምን ያወጣል?

የከተማ ግብርና አያዋጣም የሚሉ ወገኖች መከራከሪያቸው አጭር ነው፤ አንድ ካሬ ሜትር ላይ የበቀለ ጎመን የሚያስገባው ገንዘብ ያው መሬት በሊዝ ጨረታ ከሚያወጣው ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ስሌቱ ልክ ነው፤ ንጽጽሩ ግን ቦታውን ስቷል። ጎመን ከሕንፃ ጋር የሚወዳደረው ሕንፃው ዛሬ የሚሠራ ከሆነ ብቻ ነው። ባለይዞታው ብድር ወይም ፈቃድ እስኪያገኝ በቆርቆሮ ታጥሮ የቆመ ቦታ፣ የከፍተኛ ኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፍበት ክልል፣ ግንባታ የማይፈቀድበት የወንዝ ዳርቻ ዛሬ የሚሰጡት ገቢ የለም። ስለዚህ ቢታረሱ የሚታለፈው አማራጭ ዋጋ ወደ ዜሮ ይጠጋል። እንዲያውም ዘበኛ ይቀጠርላቸዋል፣ ቆሻሻ ይደፋባቸዋል፤ ሥራ ፈትተው ወጪ ያስወጣሉ።

ጀርመናዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ዮሐን ሃይንሪሽ ፎን ቲውነን እ.ኤ.አ. በ1826 ባሳተመው ሥራ፣ እንደ ወተትና አትክልት ያሉ ቶሎ የሚበላሹ ምርቶች ለገበያው ቅርብ በሆነው ቀለበት ውስጥ እንደሚመረቱ አስረድቷል። ማቀዝቀዣ ያለው ማጓጓዣ ከመጣ ወዲህ ሐሳቡ በበለጸጉት አገሮች ብዙ ጉልበቱን አጥቷል። አዲስ አበባ ላይ ግን ገና ይሠራል። ሽንኩርትና ቲማቲም ከመቂና ከባቱ አካባቢ በአይሱዙ ተጭነው ቢመጡ ጉዞውን ይችሉታል። ሰላጣና ቆስጣ በጆንያ ታጭቀው ፀሐይ ሲመታቸው በሰዓታት ውስጥ ይጠወልጋሉ። በቄራ፣ በመካኒሳና በፒኮክ አካባቢ ቅጠላ ቅጠል ለረጅም ዓመታት ሲመረት የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰላጣ ደግሞ ከተተከለ በሁለት ወር ገደማ ይደርሳል፤ ሁለት ዓመት ታጥሮ የሚቆም ቦታ ውኃ ካገኘ ብዙ ጊዜ ይታጨድበታል።

ታዲያ ለምን አይታረስም? እኔ እንደምረዳው ዋናው ማነቆ የይዞታ ዋስትና ነው። በሚቀጥለው ወር ትነሣለህ ሊባል የሚችል ሰው መሬቱን በኮምፖስት አያዳብርም፣ ጉድጓድ አያስቆፍርም። ባለይዞታውም አንዴ የገባ አልሚ አልወጣም ይለኛል ብሎ ይሰጋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ያደርገዋል፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ ባለሊዙ በተወሰነለት ጊዜ ግንባታ እንዲጀምር ያስገድዳል። ማለትም የኛ አስተዳደር ጊዜያዊ ውል ለማዋዋል ከብዙ አገሮች ከንቲባዎች የተሻለ ሥልጣን አለው፤ ብዙም ሲጠቀምበት አይታይም።

የአርጀንቲናዋ ሮዛሪዮ ከተማ በዚህ ትበልጠናለች። እ.ኤ.አ. በ2001 ከደረሰው የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ፣ በ2002 የከተማ ግብርና ፕሮግራም ጀመረች። ከከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆና ክፍት መሬቶቿን መዘገበች፤ ጎርፍ የሚያጠቃቸውንና በባቡር ሐዲድ ዳር ያሉትን ለግንባታ የማይመቹ ቦታዎች ሥራ ላጡ ቤተሰቦች ሰጠች። የገበያ ቦታም አዘጋጀችላቸው። መዝገቡ ከዘሩ ቀድሞ መምጣቱን ልብ ይሏል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የእኛው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተት፣ እንቁላልና ማር ላይ ማተኮሩ መልካም ነው፤ ይሁንና ጓሮ ላለው እንጂ በኪራይ ቤት ለሚኖረው ድሃ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

የማዋጣቱን ክርክር ሊያፈርስ የሚችል አንድ ነገር አለ፤ ውኃ። ፍሥሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ከቄራና ከፒኮክ እርሻዎች የተወሰዱ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ የከባድ ብረቶችን መጠን መርምረው የጤና አንድምታውን አሳይተዋል። የፋብሪካና የቤት ፍሳሽ በሚገባበት ወንዝ የሚለማ ጎመን በርካሽ ቢሸጥ፣ ልዩነቱን የሚከፍለው የበላተኛው ጤና ነው፤ ይህ ወጪ በገበያ ዋጋው ላይ አይታይም። ስለዚህ ወንዞቹ እስኪጸዱ ድረስ በወንዝ ውኃ የሚለማ ቅጠላ ቅጠል አዋጪ ነው ለማለት አልደፍርም። እነዚያ ዳርቻዎች አበባና የዛፍ ችግኝ ቢፈላባቸው ይሻላል፤ ለምግብ የሚሆነው በጉድጓድ ወይም ከጣሪያ በተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ታጥረው በቆሙት ቦታዎች ላይ ይልማ።

የከተማው አስተዳደር እንግዲህ ታጥረው የቆሙ ይዞታዎችን መዝግቦ ይፋ ያድርግ። ጊዜያዊ የልማት ውል ሲሰጥም የሚያበቃበትን ቀን፣ ቢያንስም የተተከለው ምርት እስኪነሣ የሚበቃ የማስጠንቀቂያ ጊዜ በጽሑፍ ያስፍር።