አሉታ በአካባቢ ዘዬዎች

በተለያዩ ቋንቋዎች ውስጥ ያሉ የአካባቢ ዘዬዎችን ሰዋስው ለማወዳደር ለሚፈልግ፣ አሉታ እጅግ ፍሬያማው መነሻ ነው። የቃላት ልዩነት ላይ ላዩን ይታያል፤ የአሉታ ልዩነት ግን የዓረፍተ ነገሩን አጥንት ይነካል።

«አልጻፈም» ለማለት የደማስቆ ሰው «ማ ከተብ» ይላል፤ የካይሮ ሰው ግን ግሱን ከሁለት ወገን ይዞ «ማ ከተብሽ»። በፍልስጥኤም ደግሞ የፊተኛው ወድቆ «ሽ» ብቻዋን የምትቆምበት አነጋገር አለ፤ «አልፈልግም» «ቢዲሽ» ይሆናል።

ጣሊያን ውስጥም ተመሳሳይ ነገር መኖሩ ይደንቃል። መደበኛው ጣሊያንኛ «ኖን ማንጆ» (አልበላም) ሲል አሉታውን ከግሱ ያስቀድማል። ብዙ ምሁራን ራሱን የቻለ ቋንቋ የሚሉት የቱሪን አካባቢ ፒየሞንትኛ «ኔን»ን ከግሱ ያስከትላል። በቦሎኛ «ን» ከፊት፣ «ብሪሳ» ከኋላ ይመጣሉ።

ዓረብኛና ጣሊያንኛ የዘር ግንዳቸው የተለያየ ስለሆነ፣ መመሳሰሉን ውርስ አያስረዳውም። የዴንማርኩ የቋንቋ ሊቅ ኦቶ የስፐርሰን እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተመው ጥናት ሂደቱን ገልጾታል፦ የፊተኛው ምልክት ይደክማል፤ ማጠናከሪያ ከኋላ ይጨመራል፤ በመጨረሻም ተጨማሪው ሥራውን ጠቅልሎ ይወስዳል።

የአማርኛው «አልመጣም» እንዲሁ በሁለት በኩል የታሰረ ነው፤ «ስላልመጣ» ሲባል ግን የኋላዋ «ም» ትወድቃለች።