አራዳ ስንት ሰው ነበረባት? የቀድሞዋን አዲስ አበባ ሕዝብ ስለ መገመት

በ1902 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባ ሕዝብ ስንት ነበር ለሚለው ጥያቄ በጥናቶች ተደጋግሞ የሚጠቀሰው መልስ፣ ቋሚ ነዋሪው 70 ሺህ ያህል፣ ጊዜያዊው ደግሞ ከ30 እስከ 50 ሺህ የሚል ነው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ቁጥር ይያዝና ሁለተኛው ይጣላል። የከተማዋ ጠባይ የሚገለጠው ግን በተጣለው ቁጥር ነው።

አዲስ አበባ በሠፈር የተሠራች ከተማ ናት። ምኒልክ ቦታ ሲሰጡ፣ ራስ መኮንንም ሆኑ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ከነጭፍራቸውና ከነአሽከራቸው ሰፈሩ። ጌታው ወደ ግዛቱ ወይም ወደ ዘመቻ ሲወጣ ግቢው ይራቆታል፤ ሲመለስ ይሞላል። በ1888 ዓ.ም. ሠራዊቱ ወደ ዓድዋ በዘመተበት ወራት የተገመተ ቁጥር ከድሉ በኋላ ላለችው ከተማ አይሆንም።

አራዳ ላይ ችግሩ ይብሳል። ጣሊያኖች ወደ ዛሬው መርካቶ እስኪያዛውሩት ድረስ ገበያው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር፤ ቅዳሜ ደግሞ ባላገሩ ከየአቅጣጫው ይጎርፍበታል። ቀትር ላይ ቆሞ የገመተ እንግዳ፣ ማታ አህያውን ነድቶ የሚመለሰውን ገበያተኛ ሁሉ ከከተሜ ይደምረዋል። ደጅ ጠኚውስ? ጉዳዩ እስኪያልቅለት ወራት የሚከርመውን እኔ ከነዋሪው ጋር እቆጥረዋለሁ፤ እህሉንም እንጨቱንም የሚሸምተው ከዚያው ገበያ ነውና።

የከተማ ቦታ ደንብ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ቢወጣም የሚለካው ቦታን እንጂ ሰውን አልነበረም። ስለዚህ ተዘዋዋሪ ማስረጃ ግድ ይላል። የጃፓን ታሪክ አጥኚዎችም የጦር ሹማምንት መናገሻ ስለነበረችው ካማኩራ ሲጽፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1252 የሳኬ መጠጥ ሽያጭ ሲታገድ በከተማዋ የተቆጠሩትን 37,274 ጋኖች ያነሣሉ። ጋን ሰው አይደለም፤ በአንድ ቤት ስንት ጋን፣ በአንድ ጋን ስንት ጠጪ የሚለው እንደገና ግምት ነው።

ለእኛ የሚቀርበው መፈተኛ የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ነው። በከተማዋ ከ5 እስከ 10 ሺህ ሰው እንደ ሞተ ይገመታል። የ1902ቱን ቁጥር እንዳለ ብንወስደው፣ 10 ሺህ ሙታን ከ70 ሺህ ሰው 14 በመቶ ግድም፣ ከ120 ሺህ ግን 8 በመቶ ግድም ይሆናሉ። አካፋዩ ሲለወጥ የመቅሠፍቱ ክብደትም አብሮ ይለወጣል።

በእኔ ፍርድ የ1902ቷ አዲስ አበባ አንድ ቁጥር አይበቃትም፦ መኳንንቱ በሌሉበት 70 ሺህ፣ በተሰበሰቡበት ሰሞን ከ100 እስከ 120 ሺህ። የቀድሞ ተጓዦችን ግምት የሚጠቅስ አጥኚም ወሩንና፣ የሚታወቅ ከሆነ፣ ዕለቱን አብሮ ይጻፍልን።