በአስራ አንደኛው ገጽ ላይ ያለው ዕዳ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። እዚሁ ፌስቡክ ላይ ያበላሸሁትን እዚሁ ላቃና ነው የመጣሁት።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ስለ አባቴ የዱቤ ደብተር ጽፌ እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። አባቴ ክብረ መንግሥት ገበያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ነበረው። ጨው፣ ስኳር፣ ላምባ፣ አቡጀዲ፣ የባትሪ ድንጋይ ይሸጣል። ደንበኞቹ በአብዛኛው የአዶላ ወርቅ የጠራቸው፣ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ወርቅ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ዛሬ ይወጣል ነገ አይወጣም፤ ስለዚህ ዱቤ ነው። አባቴም ሁሉንም በዚያ ትልቅ ደብተር ላይ ይጽፍ ነበር። ወርና ቀን ይጽፋል፤ ዓመተ ምሕረት ግን አይጽፍም። ምን ላድርግ፣ ለታሪክ መምህር ልጁ ብሎ አይደለም የጻፈው!

ከዚያ ደብተር ውስጥ አንድ ታሪክ መዝዤ ነበር የነገርኳችሁ። አንድ ደንበኛ አንድ ጆንያ ጨውና አንድ ጣቃ አቡጀዲ በዱቤ ወሰደ፤ የነጌሌ ወታደር ያመፀ ሰሞን ሳይከፍል በሌሊት መኪና ወደ ነጌሌ ወረደ፤ ብዬ። ስሙን ባልጽፍም አባቴ የሚጠራውን ቅጽል ስም ጽፌ ነበር።

ለምን እንደጓጓሁ ልንገራችሁ። ጥር 4 ቀን 1966 ነጌሌ ቦረና የነበረው 4ኛ ብርጌድ በምግብና በውሃ ጉዳይ አመፀ። ሊያነጋግሯቸው የሄዱት የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለ ታግተው ወታደሩ የሚበላውን እንዲቀምሱ ተደረጉ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የ66ን አብዮት ትረካ የሚጀምሩት ከዚያ ነው። እኔም ለሠላሳ ዓመት ያንን ሳስተምር ኖሬ፣ ድንገት በአባቴ እጅ ጽሕፈት «የነጌሌ ወታደር ያመፀ ሰሞን» የሚል ሳገኝ ልቤ ቀለጠ። የአገር ታሪክ ከኛ ሱቅ ጓዳ ገብቶ! 400 ሰው ወደደው፤ አጋራችሁት፤ ደስ አለኝ።

ከወራት በኋላ አንዲት ሴት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። ቅጽል ስሙን አውቃዋለች። «ቲቸር፣ እኚህ የጻፍካቸው ሰውዬ አያቴ ናቸው። አያቴ ያረፉት በ1958 ነው። በ66 ከየት ተነሥተው ነው ነጌሌ የወረዱት?»

ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የጠረጠርኩት እሷን ነው። የቤተሰብ ስም ለማዳን የሞት ዓመት የሚያንቀሳቅስ ሰው አይቼ አውቃለሁ። ግን አላስተኛ አለኝ። ደብተሩን እንዳላይ ደብተሩ የለም፤ ፎቶ ካነሣሁት በኋላ እህቴ ቤት አስቀምጬው ቆርቆሮው አፍስሶ ሙልጭ አድርጎ አጥቦታል። ያነሣሁበት ስልክም ተሸጧል። የቀረኝ 140ውን ፎቶ አንድ ላይ አድርጌ የሠራሁት ፒዲኤፍ ብቻ ነው። እሱን ከፍቼ አነበብኩ፤ አሁንም እንደጻፍኩት ነው። የጨውና የአቡጀዲው ዝርዝር፣ ቀጥሎ «የወሰደውን ሳይከፍል፣ የነጌሌ ወታደር ያመፀ ሰሞን...»። አንድ ነገር ብቻ ዓይኔን ቆረቆረው። የመጀመሪያው ገጽ በጥቁር ቀለም ነው፤ ቀጣዩ በሰማያዊ እስክሪብቶ። ይህንን ድሮም አይቼው ነበር። «ቀለም አልቆበት ይሆናል» ብዬ አልፌዋለሁ። ተማሪ እንዲህ ቢመልስልኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አዲስ አበባ የኮምፒዩተር ሥራ ይሠራል። ደወልኩለትና ሁሉንም ነገርኩት። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ቲቸር፣ የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ የሚያልቀው በምንድን ነው?» አባቴ መጀመሪያው ገጽ ላይ ስለ ሱቁ አከፋፈት ይጽፍና ዓረፍተ ነገሩ መሀል ላይ ይቆረጣል። «ቀጣዩን ፈልገው፤ ስንተኛ ላይ ነው?» ፈለግኩ። 53ኛ ላይ አገኘሁት። ልጁ ሳቀ። «ፎቶዎቹ 140 ነበሩ፤ 1፣ 2፣ 3 እያልክ ስም ሰጥተሃቸው ነበር፤ አይደል?» አለኝ። ምንም አልነገርኩትም እኮ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ፎቶዎቹን ወደ ላፕቶፕ ሳስገባ 1፣ 2፣ 3 እያልኩ እስከ 140 በተራቸው ሰይሜያለሁ። ማህደሩን ስከፍት ሁሉም በወጉ ተደርድረው አያቸዋለሁ፤ ከዊንዶውስ ኤክስፒ (እ.ኤ.አ. 2001) ጀምሮ የዊንዶውስ የፋይል መስኮት በስም ውስጥ ያለን አሃዝ እንደ ቁጥር ያነባልና። ፒዲኤፍ የሠራሁበት ፕሮግራም ግን ቁጥር አያውቅም፤ የሚያውቀው ፊደል ነው። መዝገበ ቃላት እንደሚደረድረው፣ ከግራ ጀምሮ አንድ በአንድ ያወዳድራል። ለሱ 10 ከ2 ይቀድማል፣ ምክንያቱም «1» ከ«2» ይቀድማል። ስለዚህ የደረደረው 1፣ 10፣ 100፣ 101 እያለ እስከ 109፣ ከዚያ 11፣ ከዚያ 110 እስከ 119፣ ከዚያ 12 ነው። ወረቀት ይዛችሁ ብትቆጥሩት 2 ቁጥር በትክክል 53ኛው ላይ ይወድቃል።

አሁን ደግሞ እዚያው ሰልፍ ውስጥ ተመልከቱ፦ 109፣ 11፣ 110።

ገጽ 109 መጨረሻው መስመር ላይ የአንድ ሌላ ሰው ስም አለ። ገጽ 110 የሚጀምረው «የወሰደውን ሳይከፍል» ብሎ ነው። መሀላቸው ገጽ 11 ገብቶ ተቀመጠ። ዓሥር ዓመት ገደማ ቀድሞ የተጻፈ፣ የጨውና የአቡጀዲ ገጽ። የ109ኙ ሰው ዕዳውን አራግፎ ሄደ፤ የ11ኛው ሰው ተሸከመው።

ገጽ 12ስ? ገጽ 12 የሚጀምረው «ሙሉውን ተቀበልሁ፤ ሒሳባችን ንጹሕ ነው» ብሎ ነው። ስም የለውም፤ ስሙ ገጽ 11 ላይ አለ ብሎ አባቴ አልደገመውም። በኔ ፒዲኤፍ ግን እሱ ከ119 በኋላ ነው የመጣው፤ የሌላ ሰው ነው ብዬ አልፌዋለሁ። አባቴ የዘጋውን ሒሳብ እኔ ከሞተ በኋላ ከፈትኩበት።

አማርኛችን «ጥራዝ ነጠቅ» የሚለው እንደኔ ያለውን ነው። ሙሉውን ሳይጨርስ ያገኘውን ክፍል ይዞ አዋቂ የሚሆን። ድሮ ለተማሪዎቼ ስናገረው ራሴን አስቤ አላውቅም ነበር።

ጥራዝን ካነሣን ዘንድ፣ የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህን ችግር ቀድመው ያውቁት ነበር። የብራና መጽሐፍ የሚሠራው ቅጠሎቹ ተደራርበው እየታጠፉ ጥራዝ ጥራዝ ሆነው፣ ጥራዞቹም አብረው ተሰፍተው ነው። ስፌቱ ሊበጠስ ይችላል፤ ጠራዡም ጸሐፊው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ጸሐፊው አብዛኛውን ጊዜ በየጥራዙ መጀመሪያ ቅጠል ላይኛው ኅዳግ ላይ የጥራዙን ቁጥር በግዕዝ አሃዝ ይጽፋል፤ አንዳንዱ በቀይና በጥቁር ነጠብጣብ ያስጌጠዋል። ብዙ ሰው ጌጥ ይመስለዋል። ቁጥሩ ያለው ግን እዚያው ቆዳው ላይ፣ ከጽሑፉ ጋር ነው፤ ማንም ሲያዛውረው አይጠፋም። የኔ ቁጥሮች የነበሩት ከፎቶው ውጭ፣ በፋይሉ ስም ላይ ብቻ ነበር።

ይህ ጥንቃቄ ባልነበረበት ወይም ባልዳነበት የሚሆነውን ዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም አይተነዋል። የአባ ገሪማ ወንጌሎች በዓለም ላይ ካሉት ጥንታዊ ባለሥዕል የወንጌል መጻሕፍት መካከል ናቸው፤ የካርቦን ምርመራው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን መካከል ያደርሳቸዋል። በየዘመኑ ሲጠገኑና እንደገና ሲጠረዙ ግን ቅጠሎቻቸው ቦታቸውን ለቀው፣ የአንዱ ወንጌል ሥዕል በሌላው ውስጥ ተጠርዞ ኖሯል። ተመራማሪዎች ተራቸውን መልሰው ለማወቅ ከረዷቸው ነገሮች አንዱ የአውሳብዮስ ቀኖና ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዦቹ ዓሥር ናቸው፤ የመጀመሪያው አራቱም ወንጌላት የሚጋሩትን፣ ቀጥለው ያሉት ሦስቱ፣ ከዚያ ሁለቱ የሚጋሩትን እያለ ይወርዳል። ቅጠሉ ቢጠፋበትም ይዘቱ ራሱ ተራውን ይናገራል። የአባቴ ደብተር እንዲህ ያለ ውለታ አልዋለልኝም፤ «የነጌሌ ወታደር» ከምትለዋ በቀር።

ፎቶም ቢሆን ሁልጊዜ እንዲህ ልቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ከ9 ሺህ በላይ ብራናዎችን አንሥቷል፤ ቅጂው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ይገኛል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚያ ስብስብ ካታሎግ ነው። ማይክሮፊልም ጥቅል ነው። አንዱ ምስል ከጎረቤቱ አይላቀቅም፤ አንሺው ቅጠል ቢዘል ወይም ሁለት ጊዜ ቢያነሣ እንኳ ስሕተቱ እንዳለ ይታያል። እኛ ጥቅሉን በጣጥሰን እያንዳንዷን ፎቶ ለብቻዋ ለቀናት። ፈጠነልን፣ ረከሰልን፤ አላማርርም። ግን መሰፊያው ክር ቀርቷል።

በነገራችን ላይ አንድ ያስደነቀኝ ነገር አለ። የግዕዝ አሃዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ከፊደላችን ጋር ዩኒኮድ ሲገባ ከ፩ እስከ ፱፣ ከዚያ ፲፣ ፳፣ ፴ እያለ እስከ ፻ በተከታታይ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ያ ቁጥር የማያውቀው፣ ምልክቶችን በኮዳቸው ብቻ የሚደረድረው ፕሮግራም እንኳ ፋይሎቹ በግዕዝ ቁጥር ቢሰየሙ አይሳሳትም፤ ፱ ከዚያ ፲፣ ፲፱ ከዚያ ፳፣ ፺፱ ከዚያ ፻። እስከ ፻፺፱ ድረስ ልክ ነው። 200 ላይ ሲደርስ ይወድቃል፤ ፪፻ ከ፪ አጠገብ ሄዶ ይሸጎጣል። የኔ 140 ነበር። ፩፣ ፪፣ ፫ ብዬ ብሰይመው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ! ለክፍል ልጆቼ «የግዕዝ ቁጥር ለፈተና ብቻ ነው» ያልኩትን ቀን መልሼ ወስጄዋለሁ።

የምስል ተራ የሰውን ስም ብቻ ሳይሆን መንግሥትንም ይነካል። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ከመውረዳቸው በፊት በነበረችው ሌሊት፣ ቴሌቪዥን የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሀብ ፊልም አሳየ። እንግሊዝ አገር ከዓመት በፊት ከታየው ግን ይለያል። በረሀብ በሚያልቁት ሰዎች መሀል የቤተ መንግሥት ድግስ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳዩ ምስሎች ተሰክተውበት ነበር። ረሀቡ እውነት ነው፤ ድግሱም እውነት ነው። ጎን ለጎን ያስቀመጣቸው እጅ ግን የራሱን ዓረፍተ ነገር ጽፏል። ያ ሆነ ተብሎ የተደረገ ነው። የኔ ሳላውቅ ነው፤ ለሟቹ ልዩነት ባይኖረውም።

እንግዲህ ብዙዎቻችሁ የአባት የእናታችሁን ደብተር፣ የእድር መዝገብ፣ የድሮ አልበም በስልክ እያነሣችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ከማንሣታችሁ በፊት በትንሽ ወረቀት ላይ ቁጥር ጻፉና ጥግ ላይ አስቀምጡት፤ ከገጹ ጋር አብሮ ይነሣ። ስትሰይሙ 001፣ 002 በሉ፤ ዜሮዋን አትናቁ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲሄድ ይጨመቃል፣ ካሜራው የሰጠው ስምና የተነሣበት ሰዓትም አብሮት አይሄድም። በሰዓትም አትተማመኑ፤ ቀኑ ያልተስተካከለ ካሜራ የዛሬውን ከሃያ ዓመት በፊት ነው ይላችኋል። የካሜራ ቁጥርም 9999 ሲሞላ ወደ 0001 ይመለሳል። ደግሞ ቅጂው ልክ መሆኑን ገጽ በገጽ ሳታረጋግጡ ዋናውን ፎቶ እንዳትሰርዙ። እኔ ቦታ ለመቆጠብ ብዬ ሰርዤዋለሁ።

ተማሪዬ ፒዲኤፉን በትክክለኛው ተራ መልሶልኛል፤ እያንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ ቁጥር አለው። አሮጌውን ያወረዳችሁ አጥፉት፤ አዲሱን ለምትፈልጉ እልካለሁ። የቀድሞውን ጽሑፌን አልሰረዝኩትም፤ ከላዩ ላይ «ስሕተት ነው» ብዬ ወደዚህኛው አያይዤዋለሁ። የገጽ 11 ሰውዬ የአባቴ ዕዳ የለባቸውም፤ በሕይወት እያሉ ከፍለው ጨርሰዋል። የገጽ 109ኙን ሰው ስም አልጽፍም። እሱም የልጅ ልጅ ይኖረዋል፤ ተከታዩ ሒሳብም ያኔ በጠፋው ሌላ ደብተር ውስጥ ይኖር ይሆናል።

ለልጅቷ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። ነጌሌ ነው የምትኖረው። ገጽ 12ን አሳትሜ ልላክልሽ ብላት «11ንም ጨምርልኝ፤ ያለሱ 12 የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አለችኝ። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ጎን ለጎን አሳትሜ፣ ትናንት ጠዋት በዋደራ በኩል በሚሄደው መኪና ላክሁላት።