አራቱም ጎማ የሚጎትትበት ጊዜ

የመንግሥት ሠራተኛ ለሥራ ከከተማ በሚወጣበት ጊዜ ከመዝገብና ከማኅተም ቀጥሎ በአደራ የሚረከበው ንብረት መኪና ነው። ይህም መኪና ብዙውን ጊዜ ፎር ዊል ድራይቭ የምንለው፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትት ነው። ከማርሹ አጠገብ የቆመችውን ሁለተኛዋን ዘንግ መቼ መንካት፣ መቼስ መተው እንደሚገባ ጠንቅቆ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። አንዱ ከግቢው ሲወጣ ያስገባትና እስኪመለስ አያወጣትም። ሌላው ጨርሶ ሳይነካት መኪናው ከጭቃ ውስጥ ያድራል። የፊተኛው የመንግሥትን ካምቢዮ ይሰብራል፤ የኋለኛው የመንግሥትን ሥራ ያስቀራል። ስለዚህ የዚህችን ዘንግ ታሪክና አገልግሎት ባጭሩ እንመልከት።

መኪና ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የሚባለውን መኪና አምጥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ። እስከዚያ ድረስ መንገደኛ የሚሄደው በበቅሎ ነበር። በቅሎ በአራቱም እግሯ ትረግጣለች፤ አንዱ ቢያዳልጣት ሦስቱ ይይዟታል። የዚያን ዘመን መኪና የሚገፉት ግን የኋላ ጎማዎች ብቻ ነበሩ። የፊቶቹ አቅጣጫ ከመያዝ በቀር ሥራ ስላልነበራቸው፣ የኋላዎቹ ከጭቃ ውስጥ ሲሽከረከሩ እነርሱ ቆመው ያያሉ። ይህ ጉድለት በበጋ አይታወቅም፤ ክረምት ሲገባ ግን ይገለጣል።

ጉድለቱ በታላቅ መጠን የታየው በጠላት ወረራ ጊዜ ነው። ማርሻል ባዶሊዮ ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ከ1,700 በሚበልጡ መኪናዎች ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ገሠገሠ። ይሁን እንጂ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጣርማበር ላይ መንገዱ ፈርሶ ስለ ጠበቀው፣ ያ ሁሉ መኪና ከአንድ ቀን በላይ ቆሞ ጥገና መጠበቅ ግድ ሆነበት። ዝናቡም መንገዱን ባጨቀየው ጊዜ ሞተር ያቃተውን የሰው ትከሻ ይገፋው ነበር። ዛሬ ከመገናኛ ተነሥታችሁ በኮተቤ፣ በለገጣፎና በሰንዳፋ አድርጋችሁ ወደ ደብረ ብርሃን ብትጓዙ፣ የያዛችሁት ወደዚያው ወደ ጣርማበር የሚያደርሰውን መንገድ ነው። የመኪና ብዛት ብቻውን ጭቃን እንደማያሸንፍ በዚያ ተመስክሯል።

በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ቀደም ሲልም ተሠርቶ ነበር። በዓለም ላይ የተሠራጨው ግን አሜሪካኖች ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባወጡት በጂፕ ነው፤ በጦርነቱ ዓመታት ከ600,000 የሚበልጥ ተሠርቷል። ጂፕ ከማርሹ ዘንግ ሌላ ሁለት አጫጭር ዘንጎች ነበሩት። አንደኛው የሞተሩን ኃይል ለፊት ጎማዎችም ያካፍላል፤ ሁለተኛው ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ቀንሶ ጉልበቱን በዚያው መጠን ያበዛዋል። ከዚያም የእንግሊዙ ላንድ ሮቨር ሚያዝያ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም ለሕዝብ ታየ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በወጡት ላንድ ሮቨሮች ላይ ባለ ቢጫ ራሷን ዘንግ ወደ ታች ሲጫኗት አራቱም ጎማ ይያያዛል፤ ባለ ቀይ ራሷን ወደ ኋላ ሲስቧት ከባዱ ማርሽ ይገባል። በደርግ ዘመን የሶቭየቱ ዋዝ፣ ቀጥሎም የጃፓኑ ላንድክሩዘር በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ተተኩ። ስማቸው ይለያይ እንጂ አካሄዳቸው ሦስት ነው።

ሦስቱን ለመማር ከቦሌና ከምሥራቅ አዲስ አበባ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም። የአውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከልደታ ወደ ቦሌ በተዛወረ ጊዜ ስፍራው ሜዳና እርሻ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባለው ጄት ሲመጣ ረጅም ማኰብኰቢያ ጠበቀው፤ ከተማውም አስፋልቱን ተከትሎ ወደዚያ ሰፋ። ከአስፋልቱ በታች ያለው ግን ያው ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ከጎማ ላይ ተለጥፎም ጥርሱን ይደፍነዋል። በሰሚት፣ በአያት ወይም በቦሌ አራብሳ አስፋልት ባልደረሰበት የውስጥ ለውስጥ መንገድ በሐምሌ የነዳ ሰው ይህን ለማወቅ መምህር አያሻውም።

አንደኛው አካሄድ በመኪናው ላይ «ኤች ቱ» ተብሎ የተጻፈው ነው፤ የሚገፉት የኋላ ጎማዎች ብቻ ናቸው። ከመስቀል አደባባይ እስከ ቦሌ በደረቅ አስፋልት ስትሄዱ የሚያሻችሁ ይኸው ነው። «አራቱም ቢጎትቱ ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ ርቀት ይዞራሉ። ዘንጓ ፊቱንና ኋላውን አንድ ላይ ስታስር ግን ሁለቱም እኩል እንዲዞሩ ታስገድዳለች። በጭቃ ላይ ጎማው ጥቂት እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያቃልላል። በደረቅ አስፋልት ላይ መንሸራተት ስለሌለ ጭንቀቱ በብረቶቹ ውስጥ ይታመቃል። መሪው ይከብዳል፤ መኪናው በኩርባ ላይ ይንገጫገጫል፤ ዘንጓም አልወጣም ትላለች። ይህ ቢያጋጥማችሁ አትታገሏት፤ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ብትነዱ ትለቃለች።

ቪኤይት እንደሚባለው ላንድክሩዘር ያሉት መኪናዎች ግን ከዚህ የተለዩ ናቸው። በፊቱና በኋላው መካከል የሚያስታርቅ ዲፈረንሻል ስላላቸው ዘወትር በአራቱም ጎማ ይሄዳሉ። በእነዚህ ላይ ጥንቃቄው የመካከለኛውን ዲፈረንሻል መቆለፊያ በደረቅ መንገድ አለመጫን ነው።

ሁለተኛው አካሄድ «ኤች ፎር» ነው፤ አራቱም ጎማ በተለመደው ፍጥነት ይጎትታል። ቦታው ዝናብ የመታው ኮረኮንች፣ አሸዋና ጭቃ ነው። ዘንጓን የምታስገቡት ከጭቃው በፊት እንጂ ከተያዛችሁ በኋላ አይደለም። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህም ይሆናል። በፊት ጎማው ሞዞ ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ያለው መኪና ከሆነ አስቀድማችሁ ወርዳችሁ ሁለቱንም ከ«ፍሪ» ወደ «ሎክ» አዙሩ፤ ይህ ካልተደረገ ዘንጓ ብትገባም የፊት ጎማዎች አይጎትቱም። ከዚያም በዋልካው ላይ ሳትቆሙና ነዳጅ ሳታበዙ በአንድ ዓይነት ፍጥነት እለፉ።

ሦስተኛው «ኤል ፎር» ነው፤ ፍጥነት ተሽጦ ጉልበት የሚገዛበት ማርሽ ነው። የሚገባውም መኪናው ፈጽሞ ከቆመ በኋላ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ነው፤ አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹ ዜሮ ላይ ይሆናል። አገልግሎቱ ለቀጥ ያለ አቀበት፣ ድንጋይ ለበዛበት የወንዝ መሻገሪያ፣ ከማጥ ለመውጣትና ከሁሉ በላይ ለቁልቁለት ነው። በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ የሚረግጥ ሰው ፍሬኑን አግሎ ያጣዋል። በኤል ፎርና በአንደኛ ማርሽ የሚወርድ ግን መኪናውን ሞተሩ ራሱ ይይዝለታል። በዚያን ጊዜ ፍሪሲዮን መርገጥ ልጓም እንደ መልቀቅ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ማርሽ የተነገረ ይመስላል።

ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላም አንድ ታላቅ ስሕተት ይቀራል፤ ይኸውም አራቱም ጎማ ስለ ጎተተ መኪናው አይያዝም፣ አይንሸራተትም ብሎ ማመን ነው። ተራ ዲፈረንሻል ኃይሉን መሬት ለለቀቀው ጎማ አሳልፎ ስለሚሰጥ፣ ከፊት አንድ ከኋላ አንድ ጎማ ሲሽከረከሩ መኪናው ካለበት ፈቀቅ ላይል ይችላል። ያን ጊዜ ነዳጅ ማብዛት ጉድጓዱን ከማጥለቅ በቀር ጥቅም የለውም፤ አካፋ አንሥቶ ጭቃውን መዛቅና ድንጋይ መደልደል ይሻላል። ደግሞም ዘንጓ ለመነሣት እንጂ ለመቆም አትረዳም። በራሰ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ ላንድክሩዘሩም ትንሿም መኪና ያላቸው አራት አራት ጎማ ነው፤ ከባዱ መኪና እንዲያውም ለማቆም ያስቸግራል። በዚህ ትምክህት የሚከፈለው ዋጋ የብረት ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ነው።

ዘመኑ እየተለወጠ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል፤ በቦሌ ጎዳና የኤሌክትሪክ መኪናዎች ይርመሰመሳሉ። ከእነርሱም መካከል ለፊቱና ለኋላው ለየብቻ ሞተር ያላቸው አሉ፤ በእነዚህ ላይ ቢጫዋም ቀይዋም ዘንግ የለችም። የዋልካው ጠባይ ግን አልተለወጠም፤ የጣርማበርም ቁልቁለት አልቀለለም።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን፤ መኪና በአደራ ስትረከቡ የነዳጁን ልክና የጎማውን ጥርስ ብቻ አትመልከቱ፤ ያችንም ዘንግ ተመልከቱ። መኪናውን የሚይዘው ሾፌር ከሆነም መቼ እንደሚያስገባትና መቼ እንደሚያወጣት አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በደረቅ አስፋልት ሁለቱን፣ በጭቃ አራቱን፣ በገደልና በማጥ አራቱን ከነከባዱ ማርሽ ያዙ፤ አስፋልት ስትደርሱም መመለሱን አትርሱ። የመንግሥት ንብረት የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ በውስጡ የሚጓዘውም ሰው ቤተሰቡ የሚጠብቀው ሰው ነው።