የፓይሚዮ ሆስፒታል አሠራርና የጎጃም ደጋ

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት ሐኪሞች ለሕመምተኛው የሚያዝዙለት ዕረፍትን፣ ንጹሕ አየርንና ፀሐይን ነበር። ስለዚህም ሕንፃው ራሱ እንደ አንድ የሕክምና መሣሪያ እንዲያገለግል ታሰበ። የዚህ አስተሳሰብ ታላቅ ምሳሌ በፊንላንድ አገር የሚገኘው የፓይሚዮ ሳናቶሪየም ነው። አርክቴክቱ አልቫር አልቶ የንድፍ ውድድሩን እ.ኤ.አ. በ1929 ሲያሸንፍ ዕድሜው ገና ሠላሳ ዓመት ገደማ ነበር፤ ሕንፃውም በ1933 ተመረቀ።

የሕሙማኑ ክፍሎች በአንድ ቀጭንና ረጅም ክንፍ በደቡብ በኩል ተደርድረው ኮሪደሩ በሰሜን በኩል ሆነ። ሕመምተኛው ቀኑን ሙሉ ወደ ላይ ሲመለከት እንደሚውል በመገንዘብ ኮርኒሱ በደብዛዛ አረንጓዴ ተቀባ፤ የእጅ መታጠቢያውም ውሃ ሲወርድበት ድምፅ እንዳያሰማ ዘንበል ተደርጎ ተሠራ። ለእኛ ለመሐንዲሶች ግን ከሁሉ የሚደንቁት የፀሐይ ሰገነቶቹ ናቸው። የመዋቅሩ መሐንዲስ ኤሚል ሄንሪክሶን ነበር። ሰገነቶቹን በዛፍ መመሰል ይቻላል፤ ግንዱ ከኋላ የቆመው አርማታ ሲሆን፣ ቅርንጫፎቹ ከፊት ያለ ድጋፍ ወደ ውጭ የተዘረጉት ወለሎች ናቸው። በእንዲህ ያለ ወለል ዋናው ፌሮ የሚቀመጠው በላይኛው ፊት ነው። (አርማታው ሲሞላ ሠራተኛ ረግጦ ዝቅ ካደረገው ሰገነቱ ኃይሉን ያጣል፤ ይህን ተቆጣጣሪ ሁሉ ያውቀዋል።)

ይህንኑ ንድፍ እንዳለ አምጥቶ በደብረ ማርቆስ መትከል ግን አይቻልም። ፓይሚዮ በ60ኛው የሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ስትሆን ደብረ ማርቆስ በ10ኛው አካባቢ ናት። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከደቡብ አትለይም፤ እኛ ዘንድ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ በሰሜን በኩል ታልፋለች። መሬቱም ሌላ ነው። በክረምት አብጦ በበጋ የሚሰነጠቀው ዋልካ፣ ሸክሙን በአንድ ረድፍ ምሰሶ ላይ ለጣለ ሕንፃ ምሕረት የለውም፤ መሠረቱ ጥቂት ቢያዘነብል የሰገነቱ ጫፍ ብዙ ይወርዳል። ዋልካውን ጠርጎ ወደ ጽኑ መሬት መውረድ፣ የጣራውንም ውሃ ከመሠረቱ አርቆ ማፍሰስ ወጪ የሚቀነስባቸው ሥራዎች አይደሉም።

እ.ኤ.አ. በ1943 ስትሬፕቶማይሲን ተገኘ። በሰገነት ላይ ተኝቶ ፀሐይ መሞቅ ሕክምና መሆኑ ቀረ፤ በ1960ዎቹም ሰገነቶቹ ተዘጉ፤ ቆይቶም ቤቱ ጠቅላላ ሆስፒታል ሆነ። ለአንድ ሕክምና ብቻ ተለክቶ የተሠራው ሕንፃ ይህን ለውጥ የቻለው ሸክሙን የያዘው የአርማታ መዋቅሩ እንጂ ክፍሎቹን የሚለያዩት ግድግዳዎች ስላልነበሩ ነው። በእኛም ሆስፒታሎች አዲስ ክፍል ለመቀጠል ግድግዳ ይፍረስ ሲባል አስቀድሞ የሚጠየቀው ሸክሙ የት እንዳረፈ ነው። የመዋቅር ንድፉ በመዝገብ ቤት ካልተገኘ፣ መሐንዲሱ መልሱን የሚያገኘው ልስኑን አስቀርፎ ነው።