አንድ ቆዳ፣ ሁለት ክብር

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢኬድ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይደረሳል፤ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቁልቁል ቢወረድ ደግሞ ቆዳ ፋብሪካ ያላት ኮምቦልቻ አለች። ገዳሙ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ1280/81 እ.ኤ.አ. ያበረከቱትን የብራና ወንጌል ጠብቆ አቆይቷል። ብራናን የሚያዘጋጅ እጅ ሲከበር ቆዳ ፋቂ ግን ለብዙ ዘመን ሲናቅ ኖሯል፤ የእጅ ባለሙያን መስደብ በዳግማዊ ምኒልክ አዋጅ በ1900 ዓ.ም. የተከለከለውም ንቀቱ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። ይህን የክብር ልዩነት ግን ሥራው ራሱ አይደግፈውም።

ጸጉርንና የቆዳን የላይኛውን ሽፋን የሚያጠነክረው ኬራቲን በሕዋሳት ውስጥ ተሞልቶ የሚቀመጥ ክር ነው። ከሥሩ ያለውን ወፍራም ክፍል የሚያጸናው ኮላጅን ግን ሕዋሳት ሠርተው ወደ ውጭ የሚለቁት፣ በመካከላቸው የሚጠላለፍ ክር ነው። ብራና አዘጋጅም ሆነ ቆዳ ፋቂ ነክሮ፣ ጸጉሩንና ሥጋውን ፍቆ ሲያነሳ ከሕዋስ ውስጥ ያለውን ክር አስወግዶ ከሕዋስ ውጭ ያለውን ያስቀራል። የሚለያዩት ከዚያ በኋላ ነው። ብራናው በመወጠሪያ ላይ ተወጥሮ ሲደርቅ ክሮቹ ተነባብረው ይተኛሉ፤ ነገር ግን የሚያስተሳስራቸው ተጨማሪ ነገር ስላልገባባቸው ውሃ ከነካው ይለሰልሳል፣ ይበሰብሳል። ፋቂው ግን ከዛፍ ልጥ በሚወጣ ታኒን ክሮቹን እርስ በርስ ያቆራኛል፤ ፋብሪካው በክሮሚየም ጨው ይህንኑ ያደርጋል። ጥሬ ቆዳ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚሞቅ ውሃ ሲኮማተር በክሮሚየም የለፋው የፈላ ውሃ ይችላል። ስለዚህ በኬሚስትሪ ረገድ ረቀቅ ያለው ሥራ የተናቀው ሰው ሥራ ነው።

«ክብሩ ለቃሉ እንጂ ለቆዳው አይደለም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን ቃሉ ከ700 ዓመት በላይ የተነበበው ቆዳው ስለተሸከመው ነው። «ፋቂው ስለ ሕዋስ ምን ያውቃል?» የሚለውም አያስኬድም። ተመራማሪው ጂ. ኤን. ራማቻንድራን በ1954 እ.ኤ.አ. በሕንድ ማድራስ የኮላጅንን የሦስት ክር ጥምዝ ሲያሳይ የመረመረውን ኮላጅን ያገኘው ከዚያው ከተማ የቆዳ ምርምር ተቋም ነበር። ሳይንሱ የመጣው ሙያውን ተከትሎ ነው። የወሎን የእጅ ሙያ ታሪክ የሚጽፍ ሰውም የቁም ጸሐፊውን ብቻ ሳይሆን የፋቂውንም እጅ በባለሙያነት ሊቆጥር ይገባል።